ሰሊጥና እኔ የተጣላንበት ክረምት

ባለፈው ነሐሴ ለሥራ ደባርቅ ሄጄ፣ ዝናቡ ጋብ ሲልልኝ በገበያው ዳር አቋርጬ ሳልፍ አንዲት ሴት ሰሊጥ ስትቆላ ደረስኩ። ሰው ሁሉ ያን ሽታ ሲያገኝ ምራቁን ይውጣል። የእኔ እጅ ግን ወደ ከንፈሬ ይሄዳል፤ በልኩ መሆኑን ለማረጋገጥ። ከዚያ ሳላስበው እስቃለሁ።

ሴትየዋ ቀና ብላ «ልስፈርልሽ፣ የኔ እመቤት?» አለችኝ።

«ይቅርብኝ፤ እኔና እሱ ተጣልተናል» አልኳት።

ቀልድ መስሏት ከት ብላ ሳቀች። እኔ ግን ይህን ቃል ከልቤ አምኜ የተናገርኩበት አንድ ክረምት ነበረኝ። ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ፣ ሦስተኛ ልገባ የመስከረምን መምጣት የምጠብቅበት ክረምት።

አባቴ የኢሱዙ ሹፌር ነበር። ቤታችን ደባርቅ ቢሆንም እሱ የሚከርመው በሁመራና በመተማ መንገድ ላይ ነው። በዚያ ዓመት ትምህርት በሚዘጋበት ሰሞን ከሁመራ ሲመለስ ነጭ ሰሊጥ በፌስታል ይዞ መጣ። እናቴ ነፍሰ ጡር ነበረችና አምሯት ወዲያው ቆላችው፣ ወቀጠችው፣ በስኳር ለወሰችው። ለእኔም አንድ ማንኪያ አቀመሰችኝ። እንዲያ ያለ ጣፋጭ ነገር ቀምሼ አላውቅም ነበር። ማንኪያውን ልሼ ሳልጨርስ ግን ከንፈሬን ይበላኝ ጀመር። ባከክሁት ቁጥር ባሰብኝ። የጎረቤታችን ልጅ ልታጫውተኝ መጥታ ገና ከበሩ ስታየኝ «ትርንጎ፣ አፍሽ ዳቦ ሆነ!» ብላ እየጮኸች ወጣች።

መስታወት ፊት ስቆም ሌላ ልጅ አየሁ። ዓይኖቿ ጠበዋል፤ ከንፈሯ ወደ ውጭ ተገልብጧል፤ አንገቷ ላይ ቀይ ሽፍታ ወጥቷል። አሳቀችኝ። ልስቅ ስል ግን ድምፄ አልወጣ አለኝ፤ ያን ጊዜ ነው የፈራሁት። አባቴ በአንድ እግሩ ነጠላ ጫማ፣ በሌላው ካልሲ ብቻ እንዳደረገ ተሸክሞኝ በጭቃው ላይ እስከ ሆስፒታሉ ሮጠ። መርፌ ተወጋሁ።

ሐኪሙ ቀጭን ወጣት ነበር። እብጠቱ ሲጎድል እስኪያይ ድረስ ከአጠገቤ አልራቀም። ኋላ ለአባቴ «ሰሊጥ አይስማማትም» አለው። «አለርጂ ይባላል። ዛሬ አንድ ማንኪያ በልታ ተርፋለች፤ ሌላ ቀን ጥቂት ፍሬም ትንፋሿን ሊዘጋው ይችላል። ሰሊጡን ብቻ አይደለም፣ ሰሊጥ የነካውን ዕቃም ሆነ ሰሊጥ የነካውን እጅ ተጠንቀቁ።» ለክፉ ቀን ብሎ ሽሮፕ በጠርሙስ ሰጠንና «ይህን ታጠጧትና ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ሐኪም» አለ።

እኔ «አይስማማም» የሚለውን ቃል የማውቀው በሌላ ነገር ነበር። በሰፈራችን ሁለት ጎረቤታሞች በአጥር ተጣልተው በአንድ መንገድ አይተላለፉም፤ አንዱ የሄደበት ድግስ ሌላው አይሄድም። እናቴ «እነሱ አይስማሙም» ትላለች። ስለዚህ ነገሩ ወለል ብሎ ታየኝ፤ ሰሊጥ ተቀይሞኛል። ምን አድርጌው እንደሆነ ብዙ ቀን አሰብኩ። በመጨረሻ ጥፋቱን በአባቴ ላይ ጣልኩ። አባቴ ጭነት ሲጠብቅ በሰሊጥ ጆንያ ላይ ጋቢውን ተከናንቦ እንደሚተኛ ራሱ ነግሮኛል። ማን ሰው ተተኝቶበት ዝም ይላል?

ሐምሌ ላይ እናቴ ወንድሜን ወለደች። ቤቱ በጠያቂ ሞላ፤ ጠያቂ ደግሞ ባዶ እጁን አይመጣም። እናቴ ከአራስ አልጋዋ ላይ ሆና የሚገባውን ቁና ሁሉ በዓይኗ ትከተላለች፤ «ምን አለበት? ምን አለበት?» ስትል ድካሟ አልወጣላት አለ። በየዓመቱ ፍልሰታን ከተራራው ላይ፣ አምባራስ መንደር እህታቸው ዘንድ የሚጾሙት አያቴ፣ አባባ ተገኘ፣ ይህን አዩና «ልጅቱን እኔ ይዣት ልውጣ» አሉ።

አባባ የተራራው ፓርክ ጠባቂ፣ ስካውት ሆነው አርጅተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ከአንዱ ገደል ወደ ሌላው ሲጣሩ ስለኖሩ ድምፃቸውን ቤት አይችለውም፤ ጆሯቸው ደግሞ ደከም ብሏል። ዓይናቸው ግን ዋልያን ከማዶ ለይቶ ያያል።

«አባባ፣ ይህ ልጅ ማሽሞንሞን አይደለም» አለች እናቴ። «ገጠር ነው፤ ጉርሻው ነው የሚገድልብኝ።»

«ምን?»

«ጉርሻው!»

«እሺ፣ አጎርሳታለሁ» አሉ አባባ። እናቴ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

ስለዚህ ከመሄዴ በፊት ቤት ውስጥ ልምምድ ተጀመረ። አባቴ ገጠሬ ጋባዥ ሆኖ እጁን በባዶው ይዘረጋል፤ እኔ አፌን ዘግቼ፣ እጅ ነስቼ «ይስጥልኝ፣ አይስማማኝም» ማለት አለብኝ።

«እንኪ ልጄ፣ ጉረሽ።»

«ይስጥልኝ፣ አይስማማኝም።»

«በሞቴ!»

«ይስጥልኝ፣ አይስማማኝም።»

«አፈር ስሆን!»

አፌ በራሱ ጊዜ ተከፈተ። አባቴ አፈር ሲሆን ማየት አልችልም ነበር። ደግመን ደጋግመን ሞከርነው፤ «በሞቴ» ላይ እጸናለሁ፣ «አፈር ስሆን» ላይ እረታለሁ። እናቴ ከአልጋዋ «ይች ልጅ አለቀላት» አለች። ያም ሆኖ ሽሮፑን በጨርቅ ጠቅልላ በአባባ ካፖርት የውስጥ ኪስ ከተተችና ኪሱን በመርፌ ቁልፍ ዘጋችው።

በሐምሌ መጨረሻ በጭነት መኪና ተሳፍረን ወጣን። ከላይ ሸራ ተወጥሮ፣ ከሥር ስኳርና ጨው ተጭኖ፣ ሰዉ በጭነቱ ላይ ተደላድሎ ተቀምጧል። ጉሙ መንገዱን ስለዋጠው መኪናው የሚሄድ ሳይሆን ቆሞ የሚንቀጠቀጥ ይመስለኝ ነበር። ከአጠገባችን የተቀመጡ አንዲት ወይዘሮ አገልግላቸውን ፈቱ። ሽታው ሸራውን ሞላው። መጀመሪያ የጠቀለሉትን ጉርሻ፣ እንደ ወጉ፣ ልጅ ስለሆንኩ ወደ እኔ ዘረጉ።

«ቆይ!» አሉ አባባ። ሹፌሩ ፍሬን ያዘ፤ ሰው የወደቀ መስሎት ነው። «ሰሊጥ አለበት?»

«ኧረ በማርያም! ዶሮ ነው እንጂ!» አሉ ሴትየዋ ደንግጠው።

አባባ ትንሽ አሰቡና «ዶሮዋስ ሰሊጥ በልታለች?» ብለው ጠየቁ።

መኪናው በሳቅ ሞላ። እኔ አፍሬ ፊቴን በካፖርታቸው ውስጥ ደበቅሁ። እሳቸው ግን አልሳቁም። ለሁሉም በሚሰማ ድምፅ የሆነውን ሁሉ አስረዱ፤ ከንፈሬን በእጃቸው እያሳዩ፣ እብጠቱን ከነበረው እጥፍ አድርገው። ሳንቃበር ከሚባለው ቦታ ሳንደርስ መኪናው ላይ ያለ ሰው ሁሉ ጉዳዬን ያውቅ ነበር። ዶሮዋን አባባ መጀመሪያ ቀመሷት፤ ቀጥሎ እኔ በላሁ።

ከመንገዱ ዳር የጭላዳ ዝንጀሮ መንጋ በዝናብ ውስጥ ቁጭ ብሎ ሣር ይነጫል። አንዱ ልጅ ዳቦ ሊወረውርላቸው ሲል አባባ ተቆጡት። «ከሣር ሌላ አትስጥ! የሰው ምግብ አይስማማቸውም» አሉ። እኔ ዝንጀሮዎቹን ትክ ብዬ አየሁ። እንጀራም፣ ዳቦም፣ ወጥም ተጣልቷቸዋል ማለት ነው። ያም ሆኖ ደረታቸውን ነፍተው፣ ልጆቻቸውን አዝለው በደስታ ይኖራሉ። የእኔ ጠብ ከአንድ ከሰሊጥ ጋር ብቻ መሆኑን ሳስብ ልቤ ቀለለኝ።

የአባባ እህት እማሆይ ይባላሉ፤ መነኩሴ ናቸው። ጎጇቸው ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ነው። ትንሽ፣ ደረቅ፣ ሳቂታ ሴት ናቸው። አባባ ገና ከበሩ ሳይገቡ ሪፖርታቸውን ጀመሩ። ችግሩ «አለርጂ» የሚለው ቃል በአፋቸው አልያዝ ስላላቸው «አላረጅ» ነበር የሚሉት።

«ልጅቱ አላረጅ አለባት!»

«ምን አለባት?» አሉ እማሆይ።

«አላረጅ! ሐኪም ያገኘባት ነው!»

እማሆይ ከላይ እስከ ታች አዩኝ። ጥርሳቸው ያለቀ አፋቸው በሳቅ ተከፈተ። «ውይ፣ ምነው ይኸ በሽታ እኔንም በልጅነቴ በያዘኝ!»

ነገሩ ሲገባቸው ግን ሳቁ ቆመ። ጾም ሊገባ ነው፤ በፍልሰታ ደግሞ የሚበላው ሰሊጥ፣ ተልባና ሱፍ ነው። በዚያ አገር ጎልማሶቹ ለሥራ ሁመራ ወርደው ሲመለሱ ሰሊጥ ይዘው ይመጣሉና ከየቤቱ አይጠፋም። እማሆይ ቀሚሳቸውን በገመድ ታጠቁ። የሰሊጡን ቅል ከነክዳኑ ለጎረቤት ሰጡ። ሰሊጥ የተወቀጠበትን ሙቀጫና ዘነዘና አስከትለው ላኩ። ድስቶቹን በአመድ ፈተጉ፤ በፈላ ውኃ አጠቡ፤ ደግመው በአመድ ፈተጉ። ከዚያ ወገባቸውን ይዘው ቆመው «በይ አሁን ግቢ» አሉኝ።

ያን ክረምት የበላሁት ድንች መቼም አይረሳኝም። የአምባራስ ድንች ሲቀቀል ልጣጩ ይፈነዳል፤ ውስጡ እንደ ዱቄት ይበተናል። ከምድጃው ዳር ተቀምጬ በጨውና በአዋዜ እየነካሁ እበላለሁ። የገብስ ቆሎም ነበር፣ የባቄላ ንፍሮም ነበር፣ በሶም ነበር። ከጎረቤት የመጣ ነገር ከሆነ ግን አባባ ቀድመው ካልቀመሱ ወደ አፌ አይሄድም። ዓይናቸውን ጨፍነው ያላምጣሉ፣ ይቆያሉ፣ እንደ ዳኛ «ይለፍ» ይላሉ።

እኔ ለምን እንደሚቀምሱ በራሴ መንገድ ተረድቼው ነበር። የሰሊጡን ጣዕም ለመለየት መሆኑን አላወቅሁም፤ ማበጥ ካለ በእኔ ፈንታ እሳቸው ሊያብጡ የተስማሙ መሰለኝ። ስለዚህ ከበሉ በኋላ ሄጄ በጣቴ ጺማቸውን ገለጥ አድርጌ ከንፈራቸውን እዳስሳለሁ።

«ምን ትፈልጊያለሽ አንች?» አሉኝ አንድ ቀን።

«አላበጡም።»

«እነማን?»

«ከንፈርዎ።»

አባባ እማሆይን ዞር ብለው አዩና «ይች ልጅ ጺሜን የምትነጨው አበደች እንዴ?» አሉ። እማሆይ ግን ምን እንደፈለግሁ ገብቷቸው ነበር መሰለኝ ራሴን ስመው ወጡ።

በጾሙ ቅዳሴ ከቀትር በኋላ ነው የሚወጣው። ልጆችም ጾመን እንውላለን፤ የሆዳችን ጩኸት ከከበሮው ጋር ይሰማል። ከቅዳሴ በኋላ በደጀ ሰላሙ ሰዉ ከየቤቱ ያመጣውን አብሮ ይቀምሳል። አንድ ቀን አባባ ግድግዳውን ተደግፈው እንቅልፍ ወስዷቸዋል፤ እማሆይ ውኃ ሊያመጡ ወጥተዋል። እኔ ከመሪጌታ አጠገብ ተቀምጫለሁ።

መሪጌታ በዚያ ደብር ከሁሉ የሚከበሩ ሽማግሌ ናቸው። ዓይናቸው ስለደከመ ከፊታቸው የተቀመጠችው የማን ልጅ እንደሆነች አላወቁም፤ ልጅ መሆኔን ብቻ አወቁ። ከፊታቸው ካለው ሰሃን ትልቅ ጉርሻ ጠቀለሉ። ቀለሙ ግራጫ፣ ሽታው ያው። አወቅሁት።

«እንኪ ልጄ፣ በረከት ነው፤ አፍሽን ክፈች።»

«ይስጥልኝ፣ አይስማማኝም» አልኩ። ድምፄ ግን ከጉሮሮዬ አልራቀም።

«በሞቴ!»

ከንፈሬን ነከስሁ። ሰዉ ማየት ጀመረ። የመሪጌታ እጅ በአየር ላይ ቆሟል። ከእሳቸው ጉርሻ ለመቀበል ትልልቅ ሰዎች ጎንበስ ይላሉ።

«አፈር ስሆን!»

መጣች። ያቺ ቃል መጣች። ከንፈሬ ሲላቀቅ ተሰማኝ። መሪጌታ አፈር ሆነው ታዩኝ፤ ጥምጥማቸው ብቻ ከላይ ቀርቶ። እጆቼን ወርውሬ አፌን በሁለት መዳፌ ከደንኩትና ከእጆቼ ሥር «ተጣልተናል!» ብዬ ጮኽሁ።

«ማን ከማን ነው የተጣላው?» አሉ መሪጌታ።

«እኔና ሰሊጥ። አንስማማም። አሳብጦ መርፌ አስወጋኝ።»

በዚህ ጊዜ አባባ ነቁ። «ሰሊጥ ነው! ልጄን! ልጄን!» እያሉ በሰው ላይ ተረማምደው መጡና አፌን ከፍተው ውስጡን ተመለከቱ። ባዶ ነበር። ቁጭ አሉ። መሪጌታ ጉርሻውን መልሰው አስቀመጡ፤ ውኃ አስመጥተው እጃቸውን ታጠቡ። ሲጨርሱ ወደ እኔ ዞረው «ለመሆኑ በዳዩ ማን ነው?» ብለው ጠየቁኝ።

«አባቴ ይመስለኛል። በጆንያው ላይ ይተኛበታል።»

ደጀ ሰላሙ በሳቅ ተናወጠ። መሪጌታ ግን እጃቸውን አንስተው ሰዉን ዝም አሰኙ። እኔም ልብ አገኘሁና ከሐኪሙ ቤት ጀምሮ በሆዴ የያዝኩትን አወጣሁት፤ «እርስዎ ያስታርቁኝ። ከታረቅን እበላዋለሁ፤ ይጣፍጣል።»

መሪጌታ የሰሊጡን ሰሃን ከእኔ በሩቁ አስቀመጡት። እንደ እውነተኛ ሽማግሌ ነጠላቸውን አስተካክለው ተቀመጡ። «ስሚ ልጄ። ዕርቅ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ አብሮ ያበላል። ሌላው አርቆ ያኖራል። ደም ያለበት ጠብ ሲሆን እኛ ሽማግሌዎች ‹አንተ በዚህ ማዶ፣ አንተ በዚያ ማዶ› እንላለን እንጂ በአንድ ገበታ አናስቀምጥም። የአንችም እንዲህ ነው። እሱ በማሰሮው ይኑር፣ አንች በደጅሽ ኑሪ። አትድረሽበት፣ አይድረስብሽ። ማንም ሰው፣ እኔም ብሆን፣ ‹አፈር ስሆን› ብልሽ ዕርቁን እንዳታፈርሽ። ተቀበልሽ?»

«ተቀብያለሁ» አልኩና ሰሃኑን አየሁት። «እሱስ?»

«ዝምታ እሺታ ነው» አሉ መሪጌታ።

ሰዉ ሁሉ «አሜን» አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ «አይስማማኝም» ማለት አላሳፈረኝም። እንደ ልመና ሳይሆን እንደ ፍርድ ነበር የምናገረው።

ቡሄ ሲደርስ የመንደሩ ልጆች ጅራፍ ገምደው፣ ዱላ ቆርጠው ተዘጋጁ። አለቃቸው ይታየው የሚባል፣ ግጥም በአፉ የሚፈላ ልጅ ነበር። «ሴት ሆያ ሆዬ አትልም» አለኝ። እኔ የአባባን ድምፅ ወርሻለሁ። አንድ ጊዜ «ሆ!» ብልለት ከማዶው ገደል ተመልሶ መጣ። ይታየው ገደሉን አየ፣ እኔን አየ፤ «ነይ፣ ተቀበይ» አለኝ።

መጀመሪያ የሄድነው እትዬ አስካለ ዘንድ ነው። ልጃቸው ከሁመራ ከተመለሰ ገና ጥቂት ቀኑ ነበር፤ ለደስታቸው ብለው ሙልሙሉን ከላይ ሰሊጥ ነስንሰው ጋግረውታል። በመንደሩ እንዲያ ያማረ ዳቦ አልነበረም። እኔ ግን ነጫጭ ፍሬዎቹን ከሩቅ ለየኋቸውና ወደ ኋላ አፈገፈግሁ። ይታየው ዳቦውን ተቀብሎ አቁማዳው ውስጥ ከተተው። ከግቢው ስንወጣ ቆም ብሎ አሰበና «እንዲህማ አይሆንም፤ አንች ጾምሽን ልትውይ ነው» አለ። ሁለተኛው ቤት ደጅ ላይ አዲስ ግጥም አወጣ፤

«የእሜቴ ሙልሙል ይጣፍጣል» — ሆ!
«ሰሊጥ ከነካው ልጅ ያሳብጣል» — ሆ!

ሴቶቹ ሳቃቸውን ሳይጨርሱ ገብተው ንጹሑን የገብስ ዳቦ ይዘው ይወጣሉ። በየደጁ ያችን ግጥም ስንል፣ ማንም ሳይጠየቅ፣ ማንም ሳይቀየም ሰሊጥ ያልነካው ዳቦ መጣልን። እኔም የራሴን ጉዳይ በራሴ ድምፅ እየተቀበልኩ በጭቃው ውስጥ ዘለልኩ። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ቤቶቹን ስንጨርስ ከአንድ አስታ ዛፍ ሥር ተጠልለን አቁማዳውን ፈታን። ይታየው ከመሪጌታ ቤት የተሰጠንን ዳቦ መርጦ «ይኸ የአንች ነው» አለኝ። ቆርሼ በላሁ። ለካ አቁማዳው ውስጥ የእትዬ አስካለ ሙልሙል ሰሊጡን አራግፎ፣ ዳቦው ሁሉ በሰሊጥ ላይ ሲንከባለል ውሏል። እኛ በየደጁ ተጠነቀቅን እንጂ አቁማዳው በልባችን አልመጣም።

ከንፈሬን በላኝ። ቀጥሎ ጉሮሮዬን። ይታየው ቀና ብሎ አየኝና የያዘውን ጣለ። «አፍሽ!» አለ። ወዲያው ጀርባው ላይ አዘለኝ። ሌሎቹ «አባ ተገኘ! አባ ተገኘ!» እያሉ ቀድመው ሮጡ። ጭቃው ይታየውን ሁለት ጊዜ በጉልበቱ ጣለው፤ እኔን ግን አልለቀቀኝም።

አባባ የመርፌ ቁልፉን ፈትተው ሽሮፑን ሲያጠጡኝ አንድም ቃል አልተናገሩም። ከሁሉ ያስፈራኝ እሱ ነበር። አባባ ዝም ሲሉ አይቼ አላውቅም። በቅሎ ተጫነች፤ ከፊታቸው አስቀምጠው በካፖርታቸው ሸፈኑኝ። ወደ ጤና ጣቢያው የሚወስደው መንገድ በዝናብ ተቦርቡሯል። ትንፋሼ ሲያፏጭ ይሰማኛል። የአባባ ልብ በጀርባዬ ይመታል። በየጥቂቱ ጎንበስ ብለው «ትርንጎ?» ይላሉ፤ በቀስታ፣ እንደ ሌላ ሰው። እኔ «አቤት» እላለሁ። «አቤት» ማለት ያቃተኝ እንደሆነ ምን እንደሚሆኑ አላውቅም፤ ስለዚህ እንደምንም እላለሁ።

ነርሷ ገና ከበቅሎዋ ሳልወርድ አየችኝና ሮጣ መርፌውን አዘጋጀች። ወጋችኝ፣ አስተኛችኝ፣ ደረቴን አዳመጠች፣ ደግማ አዳመጠች። ቀስ በቀስ ጉሮሮዬ ተለቀቀ። «እስከ ነገ ከእኔ ጋር ናት» አለች።

«ምን አለች?» አሉ አባባ፣ በዚያ ገደል በሚሻገር ድምፃቸው። ሁላችንም ሳቅን። ነርሷ «እዚህ የተኛ በሽተኛ አለ፣ አባት!» ብትላቸውም እኔ ግን ያ ጩኸት ሲመለስ መዳኔን አወቅሁ።

አመሻሹ ላይ መስኮቱ ተንኳኳ። ይታየውና ልጆቹ ናቸው፤ በእግራቸው ተከትለውን መጥተው ከራስ እስከ እግር በስብሰዋል። ይታየው አቁማዳውን ገልብጦ ከፍ አድርጎ አሳየኝ። «ወንዝ ወርደን አጠብነው» አለ፤ አፍንጫውን በእጅጌው እየጠረገ። ጥርሱ በብርድ ይንገጫገጫል። ነርሷ አስገባቻቸውና በአንድ ብርድ ልብስ ደርድራ አስቀመጠቻቸው።

በማግስቱ ስንመለስ እትዬ አስካለ እማሆይ ደጅ ላይ ቆመው ሲያለቅሱ ደረስን። «ልጅ ላስደስት ብዬ ልጅ ልገድል!» ይላሉ። አባባ ከበቅሎዋ ሳይወርዱ «የእርስዎ ጥፋት አይደለም፤ አቁማዳ ነው!» ብለው ጮኹ። እሳቸው ግን አልተጽናኑም። ዓይናቸውን ጠርገው አገላብጠው አዩኝና «ለፍልሰታ በዓል ከእኔ ቤት ነሽ» አሉ። የእማሆይ ፊት ሲለዋወጥ አየሁት። እምቢ ማለት እንዳሰቡ፣ እምቢ ማለትም እንዳልቻሉ ያስታውቅ ነበር።

በበዓሉ ቀን ጾሙ ተፈታ። እትዬ አስካለ ዘንድ ስንገባ ግቢው ሁሉ የታጠበ ዕቃ ተዘቅዝቆበታል። የሰሊጡን ጆንያ ልጃቸው ተሸክሞ ሌላ መንደር ለዘመድ አድርሶ መጥቷል። የዳቦውን ዱቄት ከአዲስ ገብስ አስፈጭተዋል፤ ቡኾ ዕቃውን፣ ድስቱን፣ ሰፌዱን ሳይቀር አዲስ ከጎረቤት ተውሰዋል ወይም በፈላ ውኃ ለብልበዋል። መሪጌታም መጥተዋል፣ የቡሄ ልጆችም በረድፍ ተቀምጠዋል።

ገበታው ቀረበ። ዶሮ አለ፣ አይብ አለ፣ በቅቤ የራሰ የገብስ ዳቦ አለ። አባባ እንደ ልማዳቸው ሊቀምሱ እጃቸውን ላኩ። እትዬ አስካለ የአባባን እጅ በቀስታ ያዙና «አባ ተገኘ፣ ዛሬ እርስዎ እንግዳ ነዎት። ከዚህ ገበታ ላይ ልጅቱ የማትበላው የለም» አሉ።

አባባ እህታቸውን አዩ። እማሆይ ከጧት ጀምሮ እዚያው ቤት ሲያግዙ እንደዋሉ ያኔ ነው የተረዳሁት፤ ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁላቸው። አባባ እጃቸውን መለሱ።

ከሰኔ ጀምሮ ገበታ ሁሉ ለእኔ ጥያቄ ነበር። ይህ ምንድን ነው? ማን ሠራው? በምን ዕቃ? ያን ቀን ግን የሚጠየቅ ጥያቄ አልነበረም። ከፈለግሁት በኩል ቆረስኩ፣ ከፈለግሁት አጠቀስኩ፤ ቅቤው በክንዴ ወረደ። ይታየው «ቀስ በይ፣ ለእኛም ይትረፍ» አለኝ።

እትዬ አስካለ ከዶሮው ሥጋ ፈልፍለው፣ በአይብ አድርገው ትልቅ ጉርሻ ጠቀለሉ። በሌላው እጃቸው ከሥር ደግፈው ወደ እኔ አመጡት። «በሞቴ» ለማለት አፋቸውን ከመክፈታቸው በፊት እኔ የራሴን ከፍቼ ጠበቅኋቸው።